የተረፈችው ገብስ

የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ የታሰሩ ጊዜ የሆነውን ይንገሩን» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች።

ከቡሬ ወደ ጅጋ አራስ ልጄን ልጠይቅ ስሄድ ነው ኬላ ላይ የያዙኝ። ቆሎዬን ፈትተው አዩና «ይኼ ሁሉ ስንቅ ለማን ነው?» አሉ። «ለአራስ ጥየቃ» ብል ማን ይመነኝ፤ ለሽፍታ ስንቅ ታቀብያለሽ አሉኝ። ፍኖተ ሰላም ወስደው የእህል መጋዘን ከነበረ ክፍል አስገቡኝ፤ ገና ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል። ቆሎውን ግን መለሱልኝ።

ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ መምህር ናት። ለምን እንደ ያዟት አልጠየቅኋትም፤ እዚያ ቤት ይኼ አይጠየቅም። እህል እምቢ ካለች ሰንብታ ከንፈሯ ደርቋል። ቆሎ ብዘረጋላት ፊቷን አዞረች። እንዲህ ሆና ለምርመራ ቢጠሯት በእግሯም አትቆም ብዬ ፈራሁ።

«ምንድን ነው የምታስተምሪ?» አልኋት።

«ፊዚክስ። ዓለም ስትጀምር እንዴት እንደ ነበረች…» ብላ ተወችው።

«ያኔ ማን ኖሮ አየ፣ የኔ ልጅ?»

ፈገግ አለች። «ማንም። ግን ውጭ አገር ከመሬት በታች ትልቅ ክብ ዋሻ ቆፍረዋል። እዚያ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች በብርቱ ፍጥነት ያላትማሉ። ሲላተሙ ዓለም ስትጀምር የነበረው ግለት ለቅጽበት ይመለሳል። የያኔውን ነገር ከፍንጣሪው ያጠናሉ።»

«እንደ በሬ ያዋጓቸዋል በይኛ።»

«እንደ በሬ» አለችና ተጠጋች። ከቆሎው ዘግና ገብሱን በአንድ ወገን፣ ሽምብራውን በሌላ ወገን ነጠላዋ ላይ ደረደረች። «ገብሱ እኛ የተሠራንበት ቅንጣት ነው፤ ሽምብራው ተቃራኒው። መጀመሪያ እኩል ነበሩ ይባላል። ሲገናኙ ግን ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ብርሃን ብቻ ይሆናሉ።»

«እንግዲያ እናጥፋቸዋ» አልሁና ሽምብራዋን ቃምሁ፤ ገብሷን ለሷ ሰጠኋት። ሳቀችና በላች። ደግሞ ሌላ ጥንድ፣ ደግሞ ሌላ። እየነገረችኝ ሳታስበው ስትቆረጥም ቆየች። በመጨረሻ አንዲት ገብስ ቀረች።

«እኛ ይቺ ነን» አለች። «ከስንትና ስንት ጎተራ አንዲት ፍሬ። መሬቱም፣ ከዋክብቱም፣ እርስዎም።»

«እኩል ከነበሩ ይቺ እንዴት ተረፈች?»

በሩ ተከፈተ። «መምህር፣ ተነሽ፤ ትፈለጊያለሽ» አለ ጠባቂው።

«ትምህርት ላይ ነን፤ ጥቂት ይታገሡ» አለችው።

ምን እንደ ነካው እንጃ፣ በሩን ይዞ ቆመ። ነጠላዋን አራግፋ ለበሰች፤ ገብሷን መዳፌ ላይ አኖረች። «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እማማ። ያቆዩልኝ።» ቀጥ ብላ ወጣች።

አልተመለሰችም፤ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት አሉ። እኔ ስለቀቅ ገብሷን ከመቀነቴ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። ስንት ዘመን ያ በር መልሱን ነጠቀኝ እያልሁ ኖርሁ።

ዘንድሮ ይህችው የምትጽፍልኝ ልጅ አስተማሪዋን ጠየቀችልኝ። ያቺ ፍሬ እንዴት እንደ ተረፈች ዋሻውን የቆፈሩትም ገና እየፈለጉ ነው፤ በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም አሏት። ለካ በሩ የነጠቀኝ መልስ አልነበረም፤ ያቺ መምህር ትምህርቱን ጨርሳ ነው የወጣች።