እርጥብ ቀለም አይታመንም

በኬሚስትሪ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው ቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ፣ ከመደባለቂያው ማሽን ጎን ቆማ ነው። ደንበኞች «ሳይንቲስቷ» ይሏታል፤ ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በሽሙጥ።

እሷ ግን ሥራዋን አትንቅም። በደባለቀች ቁጥር ካርቶን ቁራጭ ላይ ትንሽ ትቀባና ከጀርባው ቀኑንና ለመደባለቂያ መነሻ የሆነውን የነጩን ቀለም የምርት ቁጥር ትጽፋለች። እርጥብ ቀለም አይታመንም፤ ጉዱ የሚወጣው ሲደርቅ ነው።

ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ የመምህርነት ሥልጠና ቦታ አግኝታላታለች። «ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት እሺ ካላልሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል» ብላታለች። እሷን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ያምራታል፤ በምን ዘርፍ እንደሆነ ግን ገና አልለየችም።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ባዶ ቆርቆሮ አንጠልጥለው ገቡ።

«ሳይንቲስቷ! በመጀመሪያው ቆርቆሮ የቀባሁት ክሬም ነው፤ በሁለተኛው የቀባሁት የቢጫ ወባ በሽተኛ ፊት መስሏል። ባለቤትየው ሊበላኝ ነው!»

ባለሱቁ ዓይኑን አፈጠጠባት። «ምን ጨምረሽበት ነው?»

«ቀመሩ ያው ነው ጋሼ። ቆይ ልየው።»

ካርቶኖቿን የምታስቀምጥበትን መሳቢያ ገለበጠችው። የሁለተኛው ቆርቆሮ ነጭ ቀለም የምርት ቁጥሩ ሌላ ነበር። ያ ቁጥር ያለባቸው አሥራ አንድ ካርቶኖች ሁሉ ቢጫ ሆነዋል፤ መስኮቱ ላይ ረስታው ከከረመው ከአንዱ በቀር።

«ታዲያ ግድግዳውን በካርቶን ልሸፍነው?» አሉ ቀቢው።

እሷ ነጩን ቀለም ወደሚያመርተው ፋብሪካ ደወለች። የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ሰምታ ሰምታ «ብርሃን ያገኘው ለምን እንዳልተበላሸ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«ባውቅማ መች እደውል ነበር!»

ኃላፊዋ ሳቀች። «የዚያ ምርት ነገር እኛንም ግራ አጋብቶናል። ለቀቢው ምትክ እንልካለን። አንቺ ሰኞ ካርቶኖችሽን ይዘሽ ነይ፤ የናሙና ፈታሽ ቦታ አለን። ግን የሦስት ወር ሙከራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልገባም።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ለእህቷ ደውላ የፋብሪካውን ነገር ነገረቻት።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» ጮኸች እህቷ። «ዳቦሽን ትተሽ ሙከራ?»

«ማስተማሩን ጠልቼው አይደለም፣ እትዬ። ግን ይሄ ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሦስት ወሩ ካለቀና ካሰናበቱኝ ደግሞ ሥልጠናው በዓመቱ ይከፈታል፤ ያኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።»

እህቷ ተነፈሰች። «ሰኞ የምትለብሺው አለሽ?»

«ጋዋን ይሰጡኛል።»

«ከጋዋኑ ሥር ማለቴ ነው፣ አንቺ ጉደኛ!»

ስልኩን ዘጋችና ሲጠብቁ ወደቆዩት ቀቢ ዞረች። «አባባ፣ እዚያ ቤት ግድግዳው ላይ የተጠጋ ቁም ሳጥን አለ?»

«አለ። ምነው?»

«ከሳጥኑ ጀርባ ያለው፣ ብርሃን የማያገኘው ግድግዳ ይበልጥ ቢጫ ሆኖ እንደሆነ ልየው። ይምሩኝ።»