እናቴ ያሰረቻቸው ብጣሾች

ቆቦ ገበያ ዳር ለዓመታት የሰፋሁባትን ጠባብ ሱቅ ባለቤቱ ለልጁ ፈለጋት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ አስቀድሞ ነግሮኝ የሁለት ወር ጊዜ ሰጥቶኛል። እኔ ግን ሁለቱንም ወር ምንም ሳላሰናዳ አሳለፍኳቸው። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ የስፌት መኪናዬን በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት ወሰድኩ። ባለጋሪው በሩ ላይ ቆሞ "የት ላግባልሽ?" ሲለኝ ወደ ውስጥ አየሁ። መኪናዋ ቀርቶ አንድ በርጩማ የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም። በረንዳውን አሳየሁት፤ እዚያው አውርዶልኝ ሄደ።

እናቴ ከሞተች ያኔ አምስት ወር አልፏት ነበር። እኔና እሷ ብቻችንን ነበር የምንኖረው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ይላል። በጦርነቱ ጊዜ ከዋጃ በኩል የሚሸሸው ሰው በእኛ ደጅ ያልፍ ነበር፤ መሸከም ያቃተው ሁሉ ዕቃውን እናቴ ዘንድ ያስቀምጣል። "አግቡት፣ ቤቱ ሰፊ ነው" ትላቸዋለች። እኛም መሸሽ ያለብን ቀን ሲመጣ እሷ አልሄድም አለች። "የሰው አደራ ጥዬ የት ነው የምሄድ?" አለችኝ። እኔም እሷን ጥዬ መሄድ ስላልቻልኩ ቀረሁ። በፊተኛው ክፍል ባለው ዕቃ ላይ ከታች እስከ ላይ የማሽላ አገዳ ከመረችበት። ለዘረፋ መጥተው በሩን ከፍተው ያዩ ሰዎች የከብት መኖ መስሏቸው ዘግተውት ሄዱ።

ሰላም ሲሆን የተመለሰ ሰው ዕቃውን ወሰደ፤ ያልተመለሰው ዕቃ ቀረ። በዚያ ላይ የእኛ ኮተት ተጨመረበት፤ ባዶ ጀሪካን፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ፣ አይጥ የቀዳደደው ጆንያ፣ እኔ ከሱቅ ልጥል ያወጣሁትን እሷ ወደ ቤት ያስገባችው ብጣሽ ጨርቅ ሁሉ።

በቀብሯ ቀን አላለቀስኩም። ሰው ድንጋጤ ነው አለ። አርባዋ ሲወጣም አላለቀስኩም። ጎረቤቶቼ በዓይናቸው ይጠብቁኝ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም እንባዬን ጠብቄው ነበር፤ ግን አልመጣም። ሐዘን ነው እንዳልል የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ሰው ተነሽ ሲለኝ እነሣለሁ፣ ብይ ሲለኝ እበላለሁ። ምግቡ ጨው ይኑረው አይኑረው ግን አላውቅም ነበር።

ሱቁን በለቀቅሁ በሦስተኛው ቀን ታላቅ እህቴ ከጎብዬ በሚኒባስ መጣች። መኪናዬ በረንዳ ላይ መዋሏን ሰው ነግሯታል። ነጠላዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ቆማ አየችኝ።

"አንች፣ መኪናሽን ለፀሐይ አስጥተሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ቦታ የለም፣ እታለም።"

"ቦታ በእጅ ይሠራል እንጂ ከሰማይ ይወርዳል? ተነሽ በይ።"

ተነሣሁ። የቆቦ ሙቀት ገና በጠዋቱ ቆርቆሮውን ማንጣጣት ጀምሮ ነበር። ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣን ግቢ ውስጥ በሦስት ቦታ ከመርነው፤ የሚጣል፣ የእኛ፣ የሰው። እህቴ ፈጣን ናት። እኔ አንድ ጀሪካን ይዤ ስቆም እሷ አምስት ዕቃ ታወጣለች። የሰው የተባለው ክምር ከሁሉም እየበለጠ ሄደ፤ የታሰሩ ፍራሾች፣ ጥቅልሎች፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን፣ በገመድ የተጠፈሩ ድስቶች።

"ይሄ የማን ነው?" አለችኝ አንድ ጥቅልል ከፍ አድርጋ።

"አላውቅም።"

"ይኸኛውስ?"

"እሷ ነበረች የምታውቀው።"

እህቴ ላቧን ጠረገች። "እንግዲህ ባለቤቱ ካልታወቀ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ይሰጥ። ዘላለም የሰው ጓዝ ላይ ልትኖሪ ነው?" አለችና ጥቅልሉ ላይ የታሰረችውን ትንሽ ጨርቅ ልትፈታ ጎነበሰች።

ያኔ ነው ጨርቋን ያየኋት። በሰማያዊ መደብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት፣ ከጣት የማትረዝም ብጣሽ ናት።

"ቆይ" አልኳት። "እሱን እኔ ነኝ የቆረጥኩት።"

"ምኑን?"

"ጨርቁን። ዋጃ ያሉት ቅቤ የሚሸጡት ሴትዮ ለኢድ ያሰፉት ቀሚስ ነው።"

ሌላውን ጥቅልል አየሁ። በእሱም ላይ ብጣሽ ታስሯል፤ ቡናማ፣ ወፍራም፤ የአንድ ዘበኛ የደንብ ልብስ ሱሪ ሳሳጥር የተረፈ ነው። ሳጥኑ እጀታ ላይ ያለችው ቀይ ሳቲን ለአንዲት ሙሽራ ከሰፋሁት የመጣች ናት። ሁሉም ዕቃ ላይ አንዳንድ ነበረ። እናቴ ማንበብም መጻፍም አትችልም። ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ፣ ያ ሰው ወይም ከቤቱ አንዱ እኔ ዘንድ ያሰፋው ልብስ ካለ፣ ከብጣሾቼ መሐል ፈልጋ ዕቃው ላይ አስራበታለች። በአንድ ቤት እየኖርን ይህን ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አላየኋትም።

እህቴ የሰማያዊዋን ቋጠሮ ትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ጽፋዋለች እኮ" አለች፤ "በሷ ቤት ጽፋዋለች።" ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ የብጣሿን ጠርዝ ነበር የማየው። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ አውጥቷል። ያን ጊዜ መቀሴ ደንዞ እንደነበር አስታወስኩ፤ ያስታወስኩት ይኸንን ብቻ ነው።

እህቴ አራት ቀን ቆየች። እኔ ብጣሾቹን አንብቤ ባለቤቱን እነግራታለሁ፤ እሷ ስልክ ታፈላልጋለች፣ በሚኒባስ ረዳቶችና በገበያተኞች መልእክት ትልካለች። ሰዎቹ መምጣት ጀመሩ። ዘበኛው ጥቅልሉን በባጃጅ ወሰደ። የሙሽራዋ ወንድም ሳጥኑን ሲያይ "እኛ እኮ ተቃጥሏል ብለን ተስፋ ቆርጠናል" እያለ ደጋግሞ አቀፈኝ። ስታቀፍ እጄን የት እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አንድ ነጭ ብጣሽ የታሰረበት ጥቅልል ግን የማን እንደሆነ ሊታወቀኝ አልቻለም። ነጭ ለስንቱ ሰፍቻለሁ። እህቴም በዚህ ጊዜ ይሰጥ አላለችም፤ በፕላስቲክ ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

የዋጃዋ ሴትዮ የመጡት እህቴ ከሄደች በኋላ ነው። የእናቴን መሞት አልሰሙም ነበር። ግቢ ገብተው "የት አለች ባለአደራዋ?" ብለው ሲጠሩ፣ "አርፋለች፣ እትዬ" አልኳቸው። እጃቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው ጮኹ። ግቢው መሐል ቆመው ደረታቸውን እየመቱ፣ እናቴ በሸሹበት ቀን ውኃና ቆሎ እንደሰጠቻቸው፣ የታመመ ልጃቸውን በጀርባዋ አዝላ እስከ አስፋልቱ እንዳደረሰች እየተናገሩ አለቀሱ። ልጁን ማዘሏን አላውቅም ነበር። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ትከሻቸውን ይዤ፣ ምድጃ ላይ የጣድኩት ሻይ እንዳይገነፍል አስብ ነበር።

ሲረጋጉ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

"አንችስ ልጀ? እንባሽ የት ሄደ?"

"አልመጣልኝም፣ እትዬ።"

እንደ ሌላው ሰው አልተቆጡኝም። ሻያቸውን ጠጡና "ባልተቤቴ የሞተ ጊዜ እኔም ዓመት ሙሉ እንደ ግንድ ነበርሁ" አሉኝ። "አላህ በጊዜው ያመጣዋል። ካላመጣውም እሱ ያውቃል። በግድ አታልቅሽ።"

ከሰው ሁሉ ይህን የነገሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀለል አለኝ ማለት አልችልም። ግን ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያዝዘኝ መጥረጊያ አንስቼ የፊተኛውን ክፍል ጠረግሁ።

ቦታው እንዲህ ሆነ። መኪናዋን በመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ከግራ እንዲገባ አድርጌ አቆምኳት። የበረንዳው አቧራ ያገኘውን ክፍሏን ሁሉ ፈትቼ ጠረግሁ፤ ዘይት አጠጣኋት፤ የተበጠሰ ቀበቶዋን ለወጥኩ። የተጣለ የእንጨት በር ነበረን፤ አናጢ ጠርቼ እግር አስገጠምኩለትና መቁረጫ ጠረጴዛ ሆነ። በቆላ ምስጥ ስለማይምር እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምኩት። ክሮቹን በየቀለማቸው ግድግዳው ላይ በሚስማር ሰቀልኩ፤ ካውያውን ከሶኬቱ አጠገብ አደረግሁ። ሥራው ቀናት ወሰደ። ደስታ አልነበረውም፤ ሚስማሩ ግን ቀጥ ብሎ ሲገባ ቀጥ ብሎ መግባቱን አይ ነበር።

የዋጃዋ ሴትዮ በመጡ ቀን ጥቅልላቸውን ሲፈቱ ውስጡ ያልተቆረጠ አረንጓዴ ጨርቅ ተገኘ። ለሴት ልጃቸው ብለው የገዙት ነው፤ ያኔ ልጅቱ ትንሽ ነበረች። "አሁን ከእኔ ትበልጣለች፤ ይበቃት ይሆን?" አሉኝ። ለካሁት፤ ለእጅጌ አይበቃም። "እጅጌውን በሌላ ጨርቅ እሠራዋለሁ" አልኳቸውና ተቀበልኩ። በአዲሱ ቦታ የመጀመሪያው ሥራዬ ሆነ።

ልጅቱ በግምት የሰፋሁትን ቀሚስ ልትለካ በገበያ ቀን መጣች። ረጅምና ወሬኛ ናት። ቀሚሱ ብብቷ ሥር ያዛት። አስወልቄ ስፌቱን ስተረትር በርጩማው ላይ ተቀምጣ ስለ ፈተናዋ፣ መንገድ ላይ ስለ ተበላሸው ሚኒባስ፣ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ስለ መኳረፏ ሳታቋርጥ ታወራኛለች። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ኋላ ላይ "ታዲያ ማን ቀድሞ ይታረቅ?" ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስሰማት እንደቆየሁ አወቅሁ።

"አንች ቅደሚ" አልኳት።

"እሷ ናት እኮ ያጠፋችው!"

"ቢሆንም።"

ብብቱን ሁለት ጣት አስፍቼ መልሼ ሰፋሁት። ለብሳው ዞር ዞር አለችና እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ አልያዛትም። በሩ ላይ አንዲት ሴት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዛ ቆማ "ታሳጥሪልኛለሽ?" አለችኝ።

"ግቢ" አልኳት።