የአባቴ ሳል በሌላ ሰው ቤት

አባቴን ሳል ሲይዘው መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። የነቀምቴ ክረምት ማንን አያስልም? ነጭ ሽንኩርቱን በማር፣ ጤና አዳሙን በትኩስ ወተት ስንሰጠው ከረምን። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ የአባቴ ደረት ግን አልጠራም። አንድ ቀን መሐረቡ ላይ ደም አየን። እናቴ ያንን መሐረብ ለአጣቢዋ አልሰጠችም፤ ራሷ አጥባ ፀሐይ በማያገኘው ጓዳ ውስጥ አሰጣችው።

አባቴ ከሸዋ በሹመት የመጣ የፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ ነበር። ጫማው አቧራ አይነካውም። ባለጉዳይ ሲያየው ከመንገድ ዳር ቆሞ ባርኔጣውን ያነሣለታል። እንዲህ ያለ ሰው ሳምባ ያዘው ቢባል ቤታችን እንግዳ አይረግጠውም፣ እሱም ከወንበሩ ይነሣል፣ እኔን ደግሞ የሚያገባኝ አይገኝም። ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ግን ዘግይተን ስለምንገባ ለባል የደረስኩ ልጅ ነኝ። ስለዚህ አባቴ ዘመድ ሊጠይቅ ነው ተብሎ አዲስ አበባ ሄደ። መርፌውን እዚያው ተወግቶ ሲመለስ ከስቷል። ሐኪሙ ከዓመት የበለጠ ክኒን ሳያቋርጥ እንዲውጥ አዞታል። «ማቋረጥ ከጀመርክ አለቀልህ» ብሎታል።

ክኒኑ ከከተማችን መድኃኒት ቤት እንዳይገዛ ባለቤቱ የጉርብትና ማኅበራችን አባል ነው። ከአዲስ አበባ በአንድ የአውቶቡስ ሾፌር እጅ የምናስመጣው ደግሞ የአባቴን ደመወዝ እየጨረሰው ሄደ። የእናቴ የአንገት ወርቅ ሄደ። ሬዲዮናችን ለጥገና ሄደ ተባለና ሳይመለስ ቀረ። አንድ ጠዋት እናቴ ቁርስ ልታቀርብ ስትገባ፣ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክኒኖቹን በሰንጢ ለሁለት ሲከፍላቸው አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እንዲበረክት ነው» አላት፤ እንደተያዘ ሌባ እጁን ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።

እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ወተት የምታመጣልን ሴት በአኖ መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ የሚሲዮን ክሊኒክ እንዳለ፣ እዚያ ለድኃ የሳምባ መድኃኒት በነጻ እንደሚሰጥ፣ ያለው ግን እንደ አቅሙ እንደሚከፍል ስታወራ ሰምታ ኖሯል። በማግስቱ ከመንጋቱ ቀሰቀሰችኝ።

«ጫማሽን አውልቂ» አለችኝ።

የሠራተኛችንን አሮጌ ቀሚስ አለበሰችኝ፤ እሷም ጠርዙ የተበላ ነጠላ ለብሳ የጆሮ ጉትቻዋን አውልቃለች። ከባዶው የመድኃኒት ብልቃጥ በቀር የያዝነው ዕቃ የለም። እናቴ ኦሮምኛ የምታውቀው ሰላምታና የገበያ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ያደግሁበት ቋንቋ ስለሆነ አቀላጥፈዋለሁ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ» አለችኝ። «እኔን ጆሮዋ አይሰማም በያቸው።»

በጭነት መኪና ላይ ከገበሬዎች ጋር ተሳፍረን ሄድን። ክሊኒኩ ስንደርስ በረንዳው በሰው ሞልቷል። ከሕክምናው በፊት በኦሮምኛ መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ። እናቴ ልማድ ሆኖባት አማተበች፤ እዚያ ሌላ የሚያማትብ ስላልነበረ ወዲያው ደንግጣ እጇን በነጠላዋ ሥር አስገባች። እኔ ባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ይቀዘቅዘኛል፤ ጣቶቼን እያየሁ ሰው ሁሉ እነሱን የሚያይ ይመስለኛል።

ተራችን ሲደርስ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወጣት ድሬሰር ብልቃጡን ተቀብሎ ጽሑፉን አነበበ። ታማሚው ማን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀኝ።

«አባቴ ነው። ገበሬ ነው። መነሣት አቅቶት ነው ያልመጣው።»

«ከየት ነው የመጣችሁት?»

የመንደር ስም አላሰብኩም ነበር። እሱ መልስ እየጠበቀ ዓይኑን ዝቅ አደረገና የእናቴን እግር አየ። ተረከዟ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስላሳ ነው፤ የጫማ ማሰሪያ ያስቀረው ነጭ መስመርም አለበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ፣ «እናቴ፣ እውነቱን ቢነግሩኝ ይሻላል» አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። እናቴ የማትሰማ ሆና ቆማ ሳለ እንባዋ ግን ዱብ ዱብ ይል ጀመር።

ያን ጊዜ ከኋላችን አንዲት ሴት ተነሣች።

«የእኔ ሰዎች ናቸው» አለች በኦሮምኛ። «የታመመው የባሌ ወንድም ነው። ከሩቅ አገር በቅርቡ ነው የመጡብኝ፤ ልጅቷ ሰው ፈርታ ነው።»

ዞር ብዬ አየኋት። የጢሰኛችን ሚስት ናት። አባቴ በጉቶ በኩል በመንግሥት የተሰጠው መሬት ነበረው፤ እሷና ባሏ ያርሱታል። በየዓመቱ ጥር ላይ ሲሶውን በአህያ ጭነው ነቀምቴ ያመጡልናል። ሁልጊዜ ጓሮ ቆመው ነው የሚጠብቁት፤ በወንበራችን ተቀምጠው አያውቁም። እናቴ መሬቱን በዓይኗ አይታው ስለማታውቅ ከዚያች ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ እንደማይርቅ አልገባትም። ከሰው ሁሉ ልንሸሸግ የመጣነው ጢሰኛችን ደጃፍ ኖሯል።

ድሬሰሩ ሴትዮዋን በደንብ ያውቃታል፤ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፣ ውሸት ተናግራ የምታውቅ ሴት አይደለችም። ጥቂት አያትና፣ «አንቺ ካልሽ» አለ። ታማሚው በእሷ ቤተሰብ ስም ተመዘገበ። አክታ የሚያዝበት ትንሽ ዕቃ ሰጠንና በሚቀጥለው እንዲመጣለት አዘዘ፤ ክኒኑንም በወረቀት ቋጥሮ ሰጠን።

ውጭ ስንወጣ እናቴ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። እኔ ልታመሰግናት ነው ብዬ ነበር።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለቻት።

«ለማን እነግራለሁ፣ እሜቴ?» አለች ሴትዮዋ በተሰባበረ አማርኛዋ። «እንዲህ ሆነው ለምን ይመጣሉ? ለእኔ ቅርብ ነው። እኔ አመጣለሁ።»

አመጣችም። ወር በመጣ ቁጥር ክኒኑን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ከቅቤ ጋር አድርጋ፣ በጓሮ በር ትገባለች። አክታውንም የምትወስደው እሷ ናት። አባቴ መድኃኒቱ እንደ ድሮው በሾፌሩ እጅ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ማን እንደሚያመጣለት አልነገርነውም። እናቴ ሴትዮዋን ሳሎን ገብታ እንድትቀመጥ ትለምናታለች፤ እሷ ግን፣ «ጌቶች ቢያዩኝስ?» እያለች እምቢ ትላለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ሸሽገንም መድኃኒት አገኘን። ሳሉ ለቀቀው፣ ፊቱ ሞላ፣ እንደ ድሮው ጫማውን አስጠርጎ ቢሮ መሄድ ጀመረ። ድሬሰሩም አክታው ነጽቷል ብሎ ላከ።

ጥር ሲመጣ ጢሰኛችን ከሚስቱ ጋር እህሉን ይዞ መጣ። ጭነቱ ከሌላው ዓመት እጅግ ያነሰ ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ከዘራውን መሬት እየወጋ ይጮህበት ጀመር።

«ዝናብ ጠፋ? በሬ ሞተብህ? ሰነፍክ እንጂ! መሬቱን ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

ሰውየው ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ጌታዬ፣ ደቦ አልወጣልኝም» አለ። «ብቻዬን ምን ያህል አርሼ ምን ያህል ልረም?»

«ለምን አልወጡልህም?»

ሰውየው ሚስቱን አያት። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ቤቴ አንበላም አሉ። እሱ ቤት ሶምባ አለ፣ ሚስቱ ከክሊኒክ መድኃኒቱን ታመላልሳለች አሉ።»

ሶምባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊተረጉምለት አላስፈለገም። አባቴ ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መሐረቡን አውጥቶ አፉ ላይ ያዘ።

«ሳምባ ከገባበት ቤት ነው እህል ያመጣህልኝ? አውጣ! ከግቢዬ አውጣልኝ!»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ጆንያ ማንሣት ጀመረ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። እናቴ ከሳሎን ወጣች።

«ተወው፣ አታንሣ» አለችው ሰውየውን። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ «በሽታው ያንተ ነው» አለችው። «ያዳነህን መድኃኒት ያመጣችልህ እሷ ናት። በባሏ ወንድም ስም።»

አባቴ መሐረቡን ከአፉ ላይ አላነሣውም። አህያዋ ጆሮዋን ታራግባለች። በመጨረሻ ገብቶ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋው። ወደ ማታ ላይ፣ እህሉን ይዘው ይሂዱ፣ የዘንድሮው ሲሶ ቀርቶላቸዋል ብሎ በእኔ ላከ። እኔም ይህንኑ ነገርኳቸው። ሰውየው እጅ ነሣ። ሚስቱ ግን ዓይኔን እያየች ሌላ የተላከ ቃል ካለ ብላ ጠበቀች። አልነበረም።

«እህሉንማ ተውክላቸው» አለችው እናቴ ያን ምሽት። «ስማቸውንስ?»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ሄጄ ለገበሬ ሁሉ ሳምባ ነበረብኝ ልበል?»

«እነሱስ ስም የላቸውም?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

እናቴ የቀረውን ራሷ ልታደርገው ቆረጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ በበቅሎ ተቀምጣ፣ እኔን አስከትላ፣ መሬታችን ወዳለበት መንደር ወረደች። ጫማችንን አድርገን፣ ደኅና ልብሳችንን ለብሰን ነው የሄድነው። ቀድመን ልከንባት ስለነበር ሴትዮዋ ብርዝ በጥብጣ፣ ጎረቤቶቿን ጠርታ ጠበቀችን። ጎረቤቶቹ ለጌታ ሚስት ክብር ሲሉ መጥተዋል፤ ግን ከደጅ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው የቀረበላቸውን ቅል አንዱም አልነካ። የቤቱ ትልቋ ልጅ ለሰው ስታቀርብ ሰዎቹ እጃቸውን ሲሰበስቡ አየሁ። በእኔ ዕድሜ ናት። በዚያ ዓመት ሊያጯት የነበሩ ሰዎች እንደቀሩ ኋላ ነው የሰማሁት።

እናቴ ከልጅቷ እጅ ቅሉን ተቀብላ ሰው እያያት ጠጣች። ከዚያ፣ «ንገሪያቸው» አለችኝ። «ሳምባ የታመመው የእኔ ባል ነው በያቸው። በዚህ ቤት በሽታ ኖሮ አያውቅም። ይቺ ሴት እኛን ብላ ነው ስሟን ያጠፋችው።»

አንድም ሳላስቀር በኦሮምኛ ተናገርኩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና እጃቸውን ወደ እናቴ ዘርግተው ይመርቁ ጀመር። የተቀመጡትም በሙሉ እየተቀበሉ፣ ሴቶቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

«ምን አሉ?» አለችኝ እናቴ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ለድኃ ብላ የጢሰኛዋን በሽታ በባሏ ራስ ላይ የምታደርግ እመቤት አይተን አናውቅም፤ እግዜር ይባርካት ነው የሚሉት።»

«አይደለም በያቸው! እውነቴን ነው በያቸው!»

አልኳቸው። እናቴም በምታውቃት ቁንጽል ኦሮምኛ «ዱጋ፣ ዱጋ!» እያለች እውነት መሆኑን ማለች። መማሏ አባሰው እንጂ አልረዳም። እንዲያውም እንዲህ አጥብቃ ስትምልላቸው ደግነቷ በዛባቸውና አንዲት አሮጊት መጥተው ጉልበቷን ሳሙ። የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ያ ባለ ሱፍ፣ ያ በመንግሥት አውቶሞቢል ሲያልፍ የሚያዩት ሰው፣ የድኃ መድኃኒት በድኃ ስም ይወስዳል ብሎ ማን ይመን? ሴትዮዋን ቀና ብዬ አየኋት። ማጀቱ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም የለም። ወደ እናቴ ጠጋ ብላ፣ «ይበቃል እሜቴ» አለቻት ቀስ ብላ። «ይኸው፣ እየጠጡ ነው።»

እውነትም፣ እናቴ ስለጠጣች አንድ ሁለቱ ቅሉን አንሥተው ነበር።

በሚቀጥለው እርሻ ደቦው በከፊል ተመለሰላቸው። የቤቱ ልጅ ግን በአካባቢው የሚያገባት አልተገኘም፤ ወሬው ወዳልደረሰበት ወደ ጊምቢ በኩል ተዳረች። ሠርጉ ላይ ተጠርተን ነበር፤ አባቴ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ። እሱ ጤናው ተመልሶ በወንበሩ ላይ እስኪሸብት ሠራ። ስለዚያ ነገር አንድም ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ብቻ ጥር በመጣ ቁጥር እህሉ የሚራገፍ ቀን ከቤት አይገኝም ነበር።

በዚያ በኩል እናቴ «ደጓ እሜቴ» ተብላ ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉቶ ለገበያ የሚወጡ ሴቶች ሲያገኟት ዕቃቸውን አስቀምጠው ጉልበቷን ሊስሙ ይሽቀዳደማሉ። እሷ ፊቷ ደም እየመሰለ፣ «ኧረ በሕግ! እባካችሁ!» እያለች ወደ ኋላ ትሸሻለች፤ እነሱ ትሕትና ይመስላቸዋል። በስተመጨረሻ የቅዳሜ ገበያ መውጣት ተወች። የሚገዛውን ሁሉ እኔ ነኝ የምገዛው፤ የእሷ ልጅ መሆኔን ያወቁ ዕለት ደግሞ ቅቤውን አስበልጠው ይሰፍሩልኝ ነበር።