የልጄን መኪና ኋላ ላስነሳ ብዬ

መርዶ የመጣብኝ ጠዋት መጀመሪያ የሰማሁት የመኪናዋን ድምፅ ነው። የልጄን የይበልጣልን ፒካፕ ከሩቅ አውቃታለሁ። «ዛሬ ደግሞ በማለዳ ምን አመጣው?» እያልኩ የግቢውን በር ከፈትኩ።

መሪውን የያዘው ጓደኛው አበጀ ነበር። አጠገቡ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል... ማንም ሳይናገር ገባኝ። ልጄ ደብረ ማርቆስ ላይ ድንገት ታሞ አርፏል።

ስለዚያ ቀን ሌላውን አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በለቅሶው መሃል ዓይኔ መኪናዋ ላይ አረፈ። ኋላዋ መሬት ሊነካ ደርሶ ቁጢጥ ብላለች። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ስናወራ «እማዬ፣ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ብሎብኛል፤ ቀስ ብዬ ነው የምመጣው» ብሎ ስቆ ነበር። ምን እንዳሳቀው አልጠየቅሁትም።

አርባው ሲቃረብ ለተዝካሩ የሚሆነውን ጠላና ዳቦ በራሱ መኪና ላደርስለት አሰብኩ። የተቀበረው ከይጁቤ ወጣ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። በዚያ ቁመቷ ከሄደች ሆዷ ድንጋይ ላይ ይቀራል። ዘመዶቼ «ሽጫትና ሌላ መኪና ተከራዪ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ኋላዋን አስነስቼ በእሷው እሄዳለሁ።

አበጀን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወጣሁ። አበጀ ሥራው ባጃጅ መንዳት ነው፤ ፒካፗን የያዘው ለእኔ ብሎ ነው። መከራዬም እዚያ ጀመረ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ባለቤት ጥቁር ልብሴን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግዜር ያጽናዎት እናቴ» ብሎ ወንበር አመጣልኝ። ስለ መኪናዋ የጠየቅሁት እኔ፣ የመለሰው ለአበጀ። «ባሌስትራው ደክሟል፤ አንድ ብረት ይጨመርበት።» ባሌስትራ የሚሉት ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ተደራርቦ የታሰረውን፣ ጭነት የሚሸከመውን ብረት ነው። ከዚያ የጭነቱን ሸራ ሊገልጥ ገመዱን ሲይዝ ጮህኩበት።

«እንዳትነካ! ልጄ የቋጠረው ነው!»

«አልነካም እናቴ፣ ይቅርታ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። እኔም ከሥሩ ባዶ ጆንያ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ልጄ እህል ሊያመጣ ደብረ ኤልያስ ሲሄድ ሁልጊዜ ጆንያውን እንደዚያ ሸፍኖ ነበር የሚሄደው።

ከዚያ የመለዋወጫ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ «ባሌስትራ መጨመር ሞኝነት ነው፤ ባዶዋን ስትሄድ ታንገጫግጫችኋለች። ከባሌስትራው ጋር ወፍራም ብረት አስሮ ከፍ ማድረግ ነው» አለ። ቀጥሎም «ለመሆኑ ፎር ዊል ናት?» ሲለኝ፣

«አራቱም ጎማ አላት፤ አታያትም እንዴ?» አልኩት።

ሳቁን ዋጠው። ሐዘንተኛ ፊት አይሳቅም። «ሞተሩ የሚያዞረው የኋላውን ብቻ ነው ወይስ የፊቱንም ማለቴ ነው እናቴ።»

«የኋላውን ብቻ ነው» አለ አበጀ።

«እንግዲያ ትንሹ ብረት ይበቃታል። በጣም ከፍ ካለች ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይጣመማል።»

ወንድሙ ደግሞ ከመደርደሪያው ጀርባ «ኧረ ትልቁን ስጣቸው! የይጁቤን መንገድ አታውቀውም?» አለ። ክርክር ያዙ። «ለእኔ ንገሩኝ እንጂ! ገዢዋ እኔ ነኝ!» ብላቸው ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጽናዎት» አሉኝ። መጽናኛውን ሁሉም ሰጠኝ... መልሱን ግን ማንም አልሰጠኝም።

ተናድጄ ትንሹን ብረት ገዛሁና ሌላ ጋራዥ ሄድን። እዚያ ያገኘነው መካኒክ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ክሪኩን ከሥሯ አስገብቶ ማንሳት ጀመረ። ክሪኩ ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ዘመም አለ። መካኒኩ ዘሎ ወጣ።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ባዶ ጆንያ ነው» አልኩ።

«ባዶ ጆንያ ነው ክሪኬን ያጎበጠው? እትዬ፣ ወይ ገመዱን ይፍቱ ወይ መኪናዎን ይውሰዱ። እኔም እናት አለችኝ።»

ወደ ሸራው ሄድኩ። አበጀ ሊያግዘኝ ሲመጣ ገፋሁት። ቋጠሮው ጠንካራ ነበር፤ ብቻዬን ፈታሁት። ገመዱን ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ አስገባሁ።

ከላይስ እውነትም ባዶ ጆንያ ነበር። ከጆንያው ሥር ግን... በረድፍ የተደረደረ፣ ጠፍጣፋ፣ የተጠረበ ድንጋይ።

መካኒኩ ወደ አበጀ ዞረ። «አንተ፣ ይህን ሁሉ ስትነዳት አልከበደችህም?»

«እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው! ፒካፕ ሁሉ እንዲህ ይከብዳል ብዬ ነዋ!»

ሳቅሁ። ከመርዶው ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ፤ ድንጋዩ ለምን እንደሆነ ትዝ አለኝ። ባለፈው ክረምት የቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ጭቃው አንሸራቶኝ ወድቄ ነበር። ይበልጣል «ድንጋይ አምጥቼ አነጥፍልሻለሁ» አለኝ። ስነዘንዘው «እሺ እማዬ» ይለኛል። ረስቶታል ብዬ ተቀይሜው ነበር... ለካ በስልኩ ያሳቀው ይኸው ነው።

ግማሹን ድንጋይ ስናራግፍ ኋላዋ ብድግ አለ። የሚያስለውጥ ነገር አልነበራትም። ብረቱን ልመልስ ሱቁ ስሄድ ባለሱቁ «የተሸጠ አይመለስም» አለኝ። እዚህ ላይ ሐዘኔን ረሳው! አሁን የግቢዬን በር ንፋስ እንዳይዘጋው በብረቱ ደግፌዋለሁ።

ድንጋዩን በሁለት ዙር አደረስነው፤ ሆዷ አንድም ቦታ አልነካም። ከአርባው በፊት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተነጠፈ። በተዝካሩ ዕለት እግሬ ጭቃ ሳይነካው ገባሁ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለጸሎት ስትቆሙ የልጄን ነፍስ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል ነው።