በቀን አንድ እስር ሣር

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ አይሄድም። በቀን አምስት ደቂቃ ብቻ ታቅፋ ጫጩት ያስፈለፈለች ዶሮ እስካሁን አላየሁም።

ታላቅ ወንድሜ ግን ተረቱን አመነ። ወልቂጤ የሚኖር የቢሮ ሰው ነው። ጉብሬ አጠገብ ያለው የእናታችን የሣር ቤት ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቷል። እሷ ደግሞ «ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው» ብላለች። ወንድሜ ክዳኑን ለማሳደስ ከመስቀል በፊት፣ ከመስቀል በኋላ ሲል ከርሞ፣ አንድ ቀን ከስልኩ ላይ መድኃኒት አገኘ፤ ትልቁን ሥራ ቆራርጠህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥራ። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጣ በባጃጅ አንድ እስር ሣር እያመጣ ከእናታችን ጓሮ ይከምር ጀመር።

የሣር ቤት ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አይከደንም። ጠዋት ከተገፈፈ ማታ መከደን አለበት፤ ለዚህም በጀፎረው፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ ዳርና ዳር የሚኖረው ሰው ሁሉ በደቦ ይወጣል። የሚጠራው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከተማ ከገባ ጀምሮ የማንም ጣራ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ሲጠራቸው «የእኛ ሲከደን የት ነበርክ?» እንደሚሉት ያውቃል። ሲሸሽ የኖረው ይህችን አንዲት ጥያቄ ነበር። ሣር ማምጣትማ ማንንም አያሳፍርም።

ከምኖርበት ከቡታጅራ እናቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ቀን ሽማግሌው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ክምሩን አየና፣ «የወፍ ጎጆ ነው እንዴ? ወፍም እኮ ቶሎ ትጨርሳለች!» አለው ሣር ሲከምር የነበረውን ወንድሜን። ወንድሜ ሳቀ፤ ሽማግሌው እስኪርቅ ድረስ ግን ቀና አላለም።

«ልጄ፣ ሣር መች አጣሁ» አለች እናቴ። «ሰው ጥራልኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ልጥራቸው» አልኩት ወንድሜን።

«ምነው፣ ሞቻለሁ?»

በእኛ ዘንድ ታላቅ በሕይወት እያለ ታናሽ ደቦ አይጠራም።

ክረምቱ ገባ። የክምሩ ሥር ሻገተ። ጣራው በአንድ ወገን ተደርምሶ ውሃው አልጋዋ ላይ ወረደ፤ ወንድሜም ወልቂጤ ወስዶ ከግቢው ሰርቪስ ቤት አስገባት። አሁን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ግድግዳውን ይዛ ትነሳለች። የራሷ ቤት ፈርሷል። ወንድሜ ሣሩን ትቶ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ የሞቀ ውሃ መጠጣት ጀምሯል፤ ሕይወቴን ቀየረው ይላል።

በኋላ ሽማግሌውን ከፈረሰው ቤት አጥር ላይ ተደግፎ አገኘሁት።

«ቢጠራን እንወጣ ነበር» አለኝ። «ሰድበነው፣ እንወጣ ነበር።»

አንባቢዬ፣ በየቀኑ ስለምትሠራት ትንሽ ነገር አትንገረኝ። ፊቱን የፈራኸው ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጥና አሁኑኑ ደውልለት፤ ይስደብህ።