ዓይኑን ጨፍኖ ፊልም የሚቆርጠው

የእህቴን ባል ሁሉም መቀስ ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሳንሱር ቢሮ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ሥራው ከአስፈሪ ፊልሞች ላይ ለሕዝብ የማይሆነውን ቆርጦ መጣል ነበርና። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ መቀስ በገዛ ጥላው የሚደነግጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠውን አለቃ ባገኘው የምለው ነበረኝ።

ገምጋሚ ኮሚቴውም ቢሆን ከእሱ አይሻልም። ፊልሙ ሊጀመር ሲል «ስልክ ላነሳ» እያሉ አንድ በአንድ ሹልክ ይሉና ኮሪደር ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ጨለማው ክፍል ውስጥ የምንቀረው ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ፣ ዓይኑን በመዳፉ የሸፈነው መቀስ፣ ምሳ ልታቀብል መጥታ በዚያው የቀረችው እህቴ ነን። እህቴ እንደሆነች ሬሳ ከሳጥን ሲነሣ አፏን ከፍታ የምታይ ሴት ናት። «ጀመረ!» ስትል በሚጠቀለለው ፊልም መሀል ወረቀት እሰካለሁ፤ «አለቀ!» ስትል ሌላ ወረቀት። መብራት ሲበራ መቀስ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለውን ይቆርጣል። ሕዝቡ ምን ማየት እንደሌለበት የምትወስነው እንግዲህ የእኔ እህት ነበረች፤ የሚፈርመው ግን ኮሚቴው ነው።

አንድ ፊልም ግን አስቸገራት። በሩ ተዘግቶ ስለሚኖር አንድ ክፍልና ቤቱን ስለተከራየች ሴትዮ ነው። መጀመሪያ የመጣልን በጎረቤት አገር በኩል ነበር፤ እዚያ ደም ማሳየት ክልክል ስለሆነ ሰዎቹ ያለ ምንም ምክንያት እየተዝለፈለፉ ይወድቃሉ። ከዓመታት በኋላ እንደ አዲስ ተለቆ ከሌላ አገር መጣ። እነዚያ ደግሞ መንፈስ የሚባል ነገር በሕግ የለም ብለው መንፈሱን አውጥተውታል፤ ሴትዮዋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከባዶ ቤት ትሸሻለች። ሦስተኛው አገር ጩኸቱን ሁሉ ቆርጦ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት፣ «ደስተኛዋ ተከራይ» የሚባል የቤተሰብ ፊልም አድርጎ ላከው። በሁሉም ላይ ግን ሴትዮዋ የበሩን እጀታ ስትይዝ ፊልሙ ይዘልና ቁርስ ስትበላ ትታያለች።

«ከበሩ ኋላ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ እህቴን እንቅልፍ ነሳት። ሰሃን እያጠበች «እናቷ ናት!» ትላለች። ልብስ እያሰጣች «አይ፣ ራሷ ናት» ትላለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምግብ እንኳ ይውረድልኝ!» ይላል መቀስ ጆሮውን ይዞ።

ከዚያ ዓይኗ መድከም ጀመረ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አለ። ቀስ በቀስ ጨለመባት። እኔ አለቀስኩ፤ እሷን ያንገበገባት ግን ያንን በር ሳታይ መቅረቷ ነው።

ሳይጠበቅ ሕጉ ተለወጠ። መቁረጥ ቀረና ፊልሙ ከስንት ዓመት ዕድሜ በላይ ላለ ሰው እንደሚፈቀድ መጻፍ ብቻ ሆነ። ያ ፊልምም ማንም እጁን ያላሳረፈበት ሙሉ ቅጂ ተብሎ መጣ። አንድ ረፋድ ላይ እህቴን ይዘናት ገባን።

«የሚታየውን እኔ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ውሸታም ነህ። የሚነግረኝ እሱ ነው።»

መቀስን ገና ሳይቀመጥ ላብ አጠመቀው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። እጇን ይዞ ተቀመጠ፤ እኔም ማሽኑን አስነሣሁ።

«ደረጃውን እየወጣች ነው... ቀሚሷ ነጭ ነው... እጀታውን ያዘች...» አለ።

«ዓይንህን ጨፈንክ አይደል?» አለች እህቴ።

«ኧረ አልጨፈንኩም።»

«በትንፋሽህ አውቅሃለሁ። ወንድሜ፣ መልሰው!»

መለስኩት። ይህን ጊዜ መቀስ ዓይኑን ገለጠ፤ በሩም ተከፈተ።

ከበሩ ኋላ የቆመው የጎማ ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ነበር። ጭምብሉ አንገቱ ላይ በፕላስተር ተጣብቋል፤ ሰውዬው የእጅ ሰዓቱን ማውለቅ እንኳ ረስቷል። ያ ሁሉ አገር ቆርጦ የደበቀን ይኼንን ነው! መቀስ ወደ እኔ ዞረ፤ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። እህቴ ወደ እሱ ዘንበል ብላ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።

መቀስ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ለቀቀው። «ኧረ በሕግ! ኧረ አጥፋው! ይኼስ አይነገርም!» ኮሪደር ላይ የኮሚቴው አባላት ደረጃውን በሩጫ ሲወርዱ ተሰማኝ። ውሸታም የተባልኩት እኔ ትንፍሽ አላልኩም።

እህቴ ክንዱን በሁለት እጇ ጨምቃ ያዘች፤ ፊቷ በርቷል። «አላልኩህም? አላልኩህም?» አለች። «በል አሁን ረጋ በልና ከፊቱ ጀምረህ ንገረኝ።»

መቀስ ዓይኑን ጨፈነና ይነግራት ጀመር።