የጃፓኖቹን ስኳር ድንች ይዤ ወደ አሌክሳንድሪያ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት ዝናቡ ሳያባራ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ አሌክሳንድሪያ ያለችው ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ትንሽ እህል እንድትቀምስልኝ። ሕክምናው አፏን ካበላሸው ወዲህ የበላችው ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። በቀደም ደውላ ግን፣ «የጃፓኗ እማማ ድንች አማረኝ» አለችኝ። ድሮ በሥራዋ የምትንከባከባቸው ጃፓናዊት አሮጊት ነበሩ ይህን የስኳር ድንች ጣፋጭ ያስተማሯት። «አማረኝ» የሚል ቃል ከአፏ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

«እማዬ፣ ባትበላስ?» አለችኝ ልጄ፣ ጫማዬን ሳስር።

«አፍሽን በዳቦ!» አልኳት።

ሮክቪል

ድንቹ የሚገኘው የእስያ ግሮሰሪ ነው። ልጡ ወይን ጠጅ፣ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ዋጋው ደግሞ የሥጋ። ካሸሯ አበሻ ናት።

«ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ለእህቴ ጣፋጭ።»

«ታድላ!»

ምኗን ታድላለች አልኩ በልቤ። ቅቤ፣ ክሬምና እንቁላል ጨምሬ ወጣሁ። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ፣ እንደ ልማዱ ተጨናንቋል። ድልድዩ ላይ በመኪና ሰልፍ ቆሜ ቁልቁል ሳየው ፖቶማክ ወንዝ አመድ መስሏል።

አሌክሳንድሪያ

እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ከፈተችልኝ። ከመክሳቷ የተነሳ እጇ እጄ ውስጥ ጠፋ። ድንቹን ኦቭን ውስጥ ስከተው ኩሽና በር ላይ ተቀምጣ፣ «እሳቱን አታስቸኩዪው፤ ማሩ በልጡ ይውጣ» እያለች ታዘኝ ጀመር። ብዙም ሳትቆይ ደክሟት ጋደም አለች።

የበሰለውን በማንኪያ ፈልፍዬ አውጥቼ ፈጨሁት። ቅቤ፣ ስኳርና ክሬም አዋህጄ መልሼ ልጡ ውስጥ ሞላሁት፤ ላዩን የእንቁላል አስኳል ቀብቼ ኦቭን ውስጥ መለስኩት። ሽታው ቀስቅሷት ራሷ መጣች።

«ወይ ጉድ! እማማ ራሳቸው የሠሩት ይመስላል።»

ማንኪያ አነሳች። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቆመች።

«ቅቤ አለው እንዴ? በዘይት የሠራሽልኝ መስሎኝ።»

ክው አልኩ። ፍልሰታ! ጴንጤ ከሆንኩ ወዲህ ጾሙ መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ አላውቅም። እትዬ ግን የንስሐ አባቷ ለበሽተኛ ተፈቅዷል ቢሏትም እምቢ ብላ የምትጾም ናት። «የለውም» ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደግሞ ታምነኝ ነበር።

«አለው፤ እንቁላልም አለው» አልኳት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። «እናንተማ ምን ጾም አላችሁ» አለች፣ ሳትቆጣ።

የቀረውን ድንች ቆራርጬ በዘይት ጠበስኩ፤ የቀለጠ ስኳር አልብሼ ሰሊጥ በተንኩበት። እስኪደርስ ግን አምሮቷ ሄዷል። አንዷን ቁራጭ አላመጠችና በሶፍት ተፋቻት።

«ብረት» አለች።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ ቅቤ ያለበትን ልጠቀልል ስል ያዘችኝ።

«እሱን እንዳትወስጂው። ፍሪዘር ውስጥ አስገቢልኝ፤ ጾሙ ሲፈታ እበላዋለሁ።»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አመሻሽ

መንገዱን ሁሉ እየተበሳጨሁ ነዳሁ፤ በራሴም፣ በጾሙም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ምነው ዋሽቼ ባበላኋት ኖሮ እያልኩ ከዝናቡ ጋር አብሬ ገባሁ። ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«በላች?»

«አልበላችም» አልኩና ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። ከታመመች ወዲህ ስለሚመጣ ቀን ስታወራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ዛሬ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ማሰሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አስቀምጪልኝ ብላኛለች ግን።»